ሁለት አረንጓዴዎችና አንድ ክፍል

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የግድግዳ ቀለም ጉዳይ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ሲነሳ ከቁም ነገር የማይቆጠር መስሎ የሚታያቸው አያሌ ናቸው። መሠረቱ በልኩ ከተቆፈረ፥ ዓምዱና ወራጁ በስሌቱ መሠረት ከቆመ፥ ውሃውና መብራቱ በሥርዓቱ ከተዘረጋ፥ የቀረው የባለቤቱ ምርጫና የቀለም ቀቢው ብሩሽ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ቤት ከተሠራ በኋላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው ብረቱንና ኮንክሪቱን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ወደ ክፍሉ የገባውን ብርሃን ተቀብሎ የሚያከፋፍለውም፥ ውጦ የሚያስቀረውም ይኸው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቀለም የጌጥ ብቻ ሳይሆን የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ብርሃን ደግሞ ይለካል፥ ይሰላልም።

ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነው የአንድ ቤተሰብ ክርክር ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ፥ ከአያት አደባባይ አለፍ ብሎ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፥ ባልና ሚስት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ደርሷቸዋል። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች እንደተለመደው፥ የውስጡ ማጠናቀቂያ ሥራ የተተወው ለነዋሪው ነው። ልስኑ ተስተካክሎ፥ ስቱኮው ተለቅልቆ፥ ወለሉ በሴራሚክ ተነጥፎ ካበቃ በኋላ የቀረው ቀለሙ ነበር። ከሁለቱ መኝታ ቤቶች አንዱ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ላሰቡት የሚስቲቱ እናት የታሰበ ነው። እኒህ እናት ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት አልፏል፤ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ የሞራ ግርዶሽ እንደጀመራቸው ሐኪም ነግሯቸዋል።

ባልና ሚስቱ ክፍሉ አረንጓዴ ይሁን በሚለው ተስማሙ፤ የተለያዩት በየትኛው አረንጓዴ በሚለው ላይ ነው። ሚስቲቱ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከአንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ያየችውን፥ ጥልቅና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፥ የጥድ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ መረጠች። እናቷ ያደጉት በጥድ በተከበበ ደብር አጠገብ ነውና ክፍሉ አገራቸውን እንዲያስታውሳቸው ፈለገች። ባልየው ደግሞ የለጋ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ፥ ግራጫ የተቀላቀለበት ፈዛዛ አረንጓዴ ይሁን አለ፤ ምክንያቱም መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፥ ከመስኮቱም ፊት ለፊት ሌላ ሕንፃ ቆሟል። እንግዲህ የሚነጻጸሩት ሁለቱ ቀለሞች እነዚህ ናቸው፤ ለአጠራር እንዲመች የጥድ አረንጓዴና የባሕር ዛፍ አረንጓዴ ይባሉ።

ሁለት ቀለሞችን ለማነጻጸር በቅድሚያ የሚነጻጸሩበትን ባሕርይ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት ማንሴል በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ እንዳመለከተው፥ ማንኛውም ቀለም ሦስት መለኪያዎች አሉት። አንደኛው የቀለሙ ዓይነት ነው፤ ቀይ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መሆኑ። ሁለተኛው ብሩህነቱ ነው፤ ወደ ነጭ ወይስ ወደ ጥቁር መቅረቡ። ሦስተኛው ጥንካሬው ነው፤ ጥርት ያለ ወይስ ግራጫ የገባበት መሆኑ። በቀለም መደብር ውስጥ ክርክር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ነው። በክፍል ውስጥ ግን ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሁለተኛው፥ ማለትም ብሩህነቱ ነው።

ብሩህነት በተግባር የሚለካው ቀለሙ ከተቀበለው ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ በመቶኛ በማስላት ነው። ለዚህ ንጽጽር የባሕር ዛፉ አረንጓዴ 60 በመቶ፥ የጥዱ አረንጓዴ ደግሞ 12 በመቶ ይመልሳሉ ተብሎ ይወሰድ፤ እነዚህ አኃዞች ለእንደዚህ ዓይነት ፈዛዛና ጥልቅ ቀለሞች የተለመዱ ናቸው። በስም ሁለቱም አረንጓዴ ቢሆኑም፥ በብርሃን አያያዛቸው ግን አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ይመልሳል።

አሁን ወደ ክፍሉ ይገባል። ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ስፋቱ 3 ሜትር፥ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው። ጣራውና ወለሉ እያንዳንዳቸው 12 ካሬ ሜትር ናቸው፤ በርና መስኮቱ በጠቅላላው 3.6 ካሬ ሜትር ይዘዋል፤ ለቀለም የሚቀረው ግድግዳ 32.8 ካሬ ሜትር ነው። ጣራው ነጭ ሆኖ 80 በመቶ፥ የሴራሚኩ ወለል 25 በመቶ፥ በርና መስኮቱ 10 በመቶ ብርሃን ይመልሳሉ እንበል። ሁሉም በየስፋታቸው ተባዝተው አማካዩ ሲወጣ፥ በባሕር ዛፍ አረንጓዴ የተቀባው ክፍል 54 በመቶ፥ በጥድ አረንጓዴ የተቀባው 28 በመቶ አማካይ የመመለስ አቅም ይኖረዋል።

በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን በክፍሉ ውስጥ የሚደርስበት አማካይ መጠን፥ የዚህ አማካይ ስኩዌር ከአንድ ላይ ተቀንሶ ለሚገኘው ቁጥር በተገላቢጦሽ ይገዛል፤ በቀን ብርሃን ስሌት ላይ የሠራ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ቀመር ያውቀዋል። በዚህ መሠረት በጥድ አረንጓዴ የተቀባው ክፍል የሚያገኘው ብርሃን፥ ያው ክፍል በባሕር ዛፍ አረንጓዴ ቢቀባ ከሚያገኘው 77 በመቶውን ያህል ብቻ ነው፤ ሩብ ገደማው ጠፋ ማለት ነው። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ጥግና ማዕዘኑን የሚያደርሰውን ብርሃን ብቻ ለይተን ብናሰላ ደግሞ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጥልቅ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ በመስኮቱ አጠገብ በቂ ብርሃን እያለ አልጋው ያለበት ጥግ የሚጨልመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልየው ረትቶ ነበር፤ ግን አላበቃም። ባልየው ለክርክሩ ድጋፍ ከውጭ አገር የመጣ አንድ የቀለም መምሪያ ጠቅሶ ነበር። መምሪያው ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያገኝም፥ ስለዚህ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም በዚያ ክፍል አይቀባም ይላል። የክፍሉ መስኮትም ወደ ሰሜን የሚያይ ነው። ምክሩ ለለንደን ወይም ለበርሊን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቀትር ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ በአናታችን ላይ ታልፍና ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ በነሐሴ ማብቂያ ገደማ እንደገና በአናታችን በኩል ወደ ደቡብ ትመለሳለች። በመካከሉ ባሉት ወራት በእኛ ከተማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ነገር ግን ከእነዚህ ወራት የሚበዙት ክረምት ስለሆኑ ደመናው ይሸፍናታል። በጋው ሲገባ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ትላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። በአዲስ አበባ ቤት የሰሜንና የደቡብ ልዩነት በአውሮፓ መጻሕፍት እንደተጻፈው የሰፋ አይደለም፤ የምሥራቅና የምዕራብ ልዩነት ግን ዓመቱን ሙሉ ጎልቶ ይታያል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ቢጫነት ያለው የፀሐይ ብርሃን ይሞላዋል፤ ከቀትር በኋላ የሚቀረው ከሰማይ የሚመጣው ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ነው። የምዕራቡ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ አረንጓዴ ጧት እንደ ለጋ ሣር፥ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ጭጋግ ሆኖ ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው። ቀለሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጫነበት ብርሃን ነው።

በአያት፥ በሰሚት፥ በገርጂም ሆነ በቦሌ አራብሳ የተሠሩትን የመሰሉ ተጠጋግተው የቆሙ ሕንፃዎች ሌላ ነገር ይጨምራሉ። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ መስኮት ከሰማይ ይልቅ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ሰፊ ነው። ያ ግድግዳ ቢጫ ወይም የሸክላ ቀለም ከሆነ ወደ ክፍሉ የሚገባውም ብርሃን ያንኑ ቀለም ተቀብቶ ይገባል። ቀይነት ያለው ብርሃን በአረንጓዴ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴውን ግራጫ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቀዩን ውጦ አረንጓዴውን በመመለሱ ነውና፥ የሚመልሰው ካነሰ የሚታየው ይጠወልጋል። ስለዚህ ባለቤቱ ቀለም ከመምረጡ በፊት በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ መመልከት አለበት።

መብራት ሲበራም ሁኔታው እንደገና ይለወጣል። በገበያ የሚገኙት አምፖሎች 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የተጻፈባቸው ቢጫነት ያላቸውና 6,500 ኬልቪን የተጻፈባቸው ነጣ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ግራጫ የገባበትን አረንጓዴ ወደ ወይራ ይስበዋል፤ ሁለተኛው ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። ከዚህም በላይ በመደብሩ መብራት ሥር አንድ መስለው የታዩ ሁለት አረንጓዴዎች በቤት ውስጥ ተለያይተው ሊገኙ ይችላሉ፤ የቀለም ሊቃውንት ሜታመሪዝም የሚሉት ይህ ነው። ከተለያየ ማቅለሚያ የተሠሩ ቀለሞች በአንድ ብርሃን ቢገናኙ በሌላው መለያየታቸው ያለ ነው። ቀለም ሲያልቅ የጎደለውን ከሌላ ፋብሪካ በዓይን አመሳስሎ የሚያመጣ ቀቢ፥ ማታ መብራት ሲበራ ግድግዳው ላይ መጋጠሚያው ጎልቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ክፍሉ ነው። ክፍሉ ግን የሚሠራው ለሰው ዓይን ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ በዕድሜ ይለወጣል። የ60 ዓመት ሰው የዓይን ብሌን እየጠበበ፥ ሌንሱም እየቢጨና እየደነዘዘ ስለሚሄድ፥ በዓይኑ ውስጥ ወደ ብርሃን ተቀባዩ ሽፋን የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሦ ያህል ነው። የቢጨው ሌንስ ሰማያዊውን ብርሃን አጣርቶ ያስቀራል፤ በዚህ የተነሣ ሰማያዊና አረንጓዴ ለአረጋዊ ሰው ተቀራርበው ይታያሉ፥ ጥልቅ ሰማያዊ አረንጓዴም ወደ ጥቁር ይጠጋል። የሞራ ግርዶሽ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ልጅቱ በካፌው ውስጥ ያየችው ውብ አረንጓዴ በእናቷ ዓይን ያው ቀለም አይደለም። ካፌው ሰፊ መስታወት፥ ብዙ አምፖል፥ አላፊ እንግዳ ያለው ቦታ ነው፤ መኝታ ቤቱ ግን አንድ መስኮት ያለውና አንዲት አዛውንት በሌሊት ተነሥተው በሩን በእጃቸው የሚፈልጉበት ክፍል ነው።

ይህን የቤተሰቡን ክርክር የቋጨው ስሌት ሳይሆን ሙከራ ነበር። ቀለም ቀቢው ከልምዱ ተነሥቶ እንዲህ ሲል መከራቸው፦ «ግድግዳው ላይ አትሞክሩ፤ በሰሌዳ ይሁንና ሰሌዳው ይዙር።» ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች፥ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ያህል፥ ስቱኮ ተቀብተው በየቀለማቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀቡ። ቀለም እርጥብ ሲሆንና ሲደርቅ አንድ ስላልሆነ እስኪደርቁ አንድ ቀን ተጠበቀ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳዎቹ አንድ ጊዜ ከመስኮቱ ጎን፥ አንድ ጊዜ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፥ አንድ ጊዜ በጥጉ እየተደገፉ ጧት፥ ቀትርና ማታ ታዩ። ነጭ ስቱኮ የማንኛውንም ቀለም መልክ ስለሚያዛባ በሰሌዳዎቹ ዙሪያ ግራጫ ወረቀት ተደረገ። አንድ ቀለም በጎረቤቱ ቀለም ምክንያት ተለውጦ እንደሚታይ በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሸቭሬል እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ካስረዳ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ የታወቀ ነው።

እናቲቱም ከደብረ ብርሃን መጥተው ስለነበር ክፍሉን እንዲያዩ ተጠሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኖ፥ ፀሐይ ገብታ መብራት ገና ሳይበራ ነበር። እናቲቱ በእግራቸው እየዳበሱ ገብተው፥ በቀጥታ ወደ ጥዱ ሰሌዳ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ይኼ በር ወዴት ያወጣል ልጄ?» አሉ።

«በር አይደለም እማዬ፤ ቀለም ነው» አለች ልጅቱ።

እናቲቱ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱትና ሳቁ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ያን ማታ ስለ ጥዱ አረንጓዴ ደግማ አልተከራከረችም። ባልየውም ቢሆን ደስታውን ውጦ፥ «እማማ፥ ይኼኛውስ ይታይዎታል?» ብሎ ወደ ባሕር ዛፉ ሰሌዳ አመለከታቸው። እናቲቱ ጥቂት ተመልክተው፥ «ግድግዳውን ነው የምታሳየኝ?» አሉት። ሰሌዳው ከዙሪያው ግድግዳ ተለይቶ አልታያቸውም ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ የነገሩ ቁልፍ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ይገኛል። ጥልቁ ቀለም ጨለማ መስሎ ታይቷቸዋል፤ ሆኖም ታይቷቸዋል። ፈዛዛው ቀለም ብርሃን ሰጥቷቸዋል፤ ሆኖም ራሱ አልታየም። አንዱ የሚያበራ፥ ሌላው የሚያመለክት ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነበር ማለት ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው የት ይዋል የሚለው ነው።

በእንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች በሚመች የሕንፃ አሠራር መመሪያ ውስጥ፥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ገጽታዎች ዓይኑ ለደከመ ሰው ተለይተው እንዲታዩት በብርሃን መመለስ አቅማቸው መካከል 30 ነጥብ ያህል ልዩነት እንዲኖር ይመከራል። ነጭ የመብራት ማብሪያ 80 በመቶ ይመልሳል ቢባል፥ በባሕር ዛፉ አረንጓዴ ላይ ልዩነቱ 20 ነጥብ ብቻ ነው፤ በጥዱ አረንጓዴ ላይ ግን 68 ነጥብ ይሆናል። በሁለቱ አረንጓዴዎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 48 ነጥብ ነው። ስለዚህ በባሕር ዛፍ አረንጓዴ በተቀባ ግድግዳ ላይ የጥድ አረንጓዴ በር ለአዛውንቲቱ ከሩቅ ይታያል።

አረንጓዴ ቀለም ለዓይን አገልግሎት ሆን ተብሎ የዋለበት ጥሩ ምሳሌ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በሳን ፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሃሪ ሸርማን የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ግድግዳ ከነጭ ወደ አረንጓዴ አስለወጠው። ነጩ ግድግዳ ዓይን ያጥበረብር ነበር፤ ቀይ ደም ሲመለከት የቆየ ዓይንም ወደ ነጭ ቀና ሲል አረንጓዴ ጥላ ይታየዋል፤ በአረንጓዴ ግድግዳ ላይ ግን ይህ ጥላ አያስቸግርም። ሐኪሙ አረንጓዴን የመረጠው ውብ ነው ብሎ ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍል ለሚሠራው ዓይን የሚበጀውን አስቦ ነው። ለመኝታ ቤትም የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ባልና ሚስቱ በመጨረሻ እንደሚከተለው ተስማሙ። አራቱም ግድግዳዎች በባሕር ዛፍ አረንጓዴ፥ ብልጭታ በሌለው ፕላስቲክ ቀለም ተቀቡ። በሩ፥ የበሩ ክፈፍና በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚዞረው የእንጨት ዞኮሎ በጥድ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀቡ። ከመብራት ማብሪያው ኋላም ሁለት መዳፍ የሚያህል አራት ማዕዘን በጥድ አረንጓዴ ተሠራ። በሩ ቀድሞም ብርሃን የማይመልስ ስለነበር የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ዞኮሎው 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው በመሆኑ ከክፍሉ የቀን ብርሃን የሚወስደው ከ2 በመቶ አይበልጥም። ለንጽጽር ያህል፥ ሚስቲቱ በመካከል ያቀረበችው ሐሳብ፥ ማለትም 4 ሜትር ርዝመት ያለውን አንዱን ግድግዳ ብቻ በጥድ አረንጓዴ መቀባት፥ 10 በመቶ ያህል ብርሃን ያስቀር ነበር። ወጣት ለሚተኛበት ክፍል ይህ ዋጋ ሊከፈል ይችላል፤ ለዚህ ክፍል ግን አልተመረጠም።

አረንጓዴን ለቤት የሚመርጥ ሰው ስለ ቀለሙ ውስጣዊ ሥሪትም ጥቂት ማወቅ ይገባዋል። የአረንጓዴ ታሪክ የመርዝም ታሪክ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1775 የሠራው ዝነኛ አረንጓዴ አርሴኒክ ያለበት ነበር፤ ሆኖም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ ቤቶች የግድግዳ ወረቀት ላይ በሰፊው ውሏል። ከእርሱ በኋላ የተስፋፋው ክሮም አረንጓዴ የሚባለው ደግሞ የእርሳስ ክሮሜት ከፕሩሺያ ሰማያዊ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ስለሆነ የእርሳስ ማዕድን ይዟል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ገዥ ከመልኩ አስቀድሞ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት፤ በቆየ ቤት ያለ አሮጌ ዘይት ቀለምም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ባይፈገፈግ ይመረጣል፤ አቧራው ነውና የሚጎዳው።

ሌላው ነገር የሲሚንቶ ልስን ጠባይ ነው። አዲስ ልስን ኃይለኛ አልካሊነት አለው። ፕሩሺያ ሰማያዊ በአልካሊ ይፈርሳል፤ በዚህ የተሠራ አረንጓዴ በአዲስ ልስን ላይ ቢቀባ ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ይበላሻል። ክሮምየም ኦክሳይድና ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ፍታሎሲያኒን አረንጓዴ ግን ይህን ይቋቋማሉ። የትኛውም ቢሆን ልስኑ 28 ቀን ያህል ሳይደርቅ መቀባት ተገቢ አይደለም። በክረምት ደግሞ ከእርጥብ ብሎኬት የሚወጣው ነጭ ጨው በፈዛዛው አረንጓዴ ላይ ብዙም ሳይታወቅ በጥልቁ ላይ እንደ ዱቄት ጎልቶ ይታያል፤ የጥፍር ጭረትና የጥገና ምልክትም እንዲሁ። ይህም ጥልቁ ቀለም በሰፊ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በሚታጠብ ዘይት ቀለም ተሠርቶ በእንጨት ላይ እንዲውል የሚያደርግ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ሚስቲቱ ያሰበችው የጥድ ክፍል አልተሠራም። ግን የጥዱ ቀለም ጠፍቶ አልቀረም፤ እናቷ በየማለዳው የሚከፍቱት በር ሆኗል። ቀለም ቀቢው ሥራውን ጨርሶ በወጣ በሦስተኛው ቀን፥ በዚያው በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ እናቲቱ ከአልጋቸው ተነሥተው ማንንም ሳይጠሩ ማብሪያውን አገኙት፤ በሩንም ከፍተው ወደ ሳሎን ወጡ። ልጅቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፥ «እማዬ፥ ማን አመጣሽ?» ብትላቸው፥ «በሩ ነዋ፤ እዚያው ቆሞ ይጠራኛል» አሏት።

የማኅበሩ አባላት በየሙያ ሥራቸው የቀለምን ጉዳይ ለመጨረሻ ሰዓት ሳይተዉ፥ ሕንፃው በወረቀት ላይ ሳለ የመስኮቱን አቅጣጫ፥ የፊት ለፊቱን ግድግዳ፥ የአምፖሉን ዓይነትና በክፍሉ የሚኖረውን ሰው ዕድሜ አብረው ቢመዘግቡ፥ ነዋሪው በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ወጪ ሊያገኝ የሚችለውን ብርሃን አያጣም። ክፍሉ ለማን እንደሚቀባ ከታወቀ፥ የትኛው አረንጓዴ የት እንደሚውል ለመወሰን አንድ ሰሌዳና አንድ ቀን ይበቃሉ።